የኔታ ባሕር ያዩ ዕለት

ባሕር ለማየት ተብሎ ከጎንደር ምጽዋ ድረስ የወረድኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ባሕሩን አየሁት፤ ከባሕሩ በፊት ግን የታየሁት እኔ ነበርኩ። ታሪኩን ለልጆቼም ለተማሪዎቼም ደጋግሜ አውርቼዋለሁ። በወሬ ጊዜ ሰው ሲስቅልኝ አንዱን እያሳመርኩ፣ ሌላውን እየዘለልኩ እንደ መጣሁ ስለ ታዘብኩ፣ አሁን ከሥሩ ይዤ እንደ ነበረ ልጽፈው ተቀምጫለሁ። እናንተም ተረጋግታችሁ ተከተሉኝ፤ መንገዱ ቁልቁለት ይበዛዋል።

አባቴ ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብላ ባለች አንዲት ደብር መሪጌታ ነበሩ። ግቢያችን ከተማሪ ተለይቶ አያውቅም። ተማሪዎቹ «የኔታ» ይሏቸዋል፤ እናቴም ከእነሱ ሰምታ «የኔታ» አለች፤ እኔም «አባዬ» ማለትን ሳልለምድ «የኔታ» እንዳልኩ አደግሁ። ዜማ አዋቂ ናቸው፤ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን የዘመን ቁጥሩን ነው። ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ በዓሉ መቼ እንደሚውል፣ ጨረቃ ስንት ሌሊት እንደ ሞላት በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ያወጣሉ። ገበሬ ከሩቅ መጥቶ «የኔታ፣ ዘንድሮ ዐቢይ ጾም መቼ ነው?» ሲላቸው ምግብ እንደ ቀረበለት ሰው ፊታቸው ይፈካል።

እኔ ፊደል ቆጥሬ ንባብ ስጀምር «ለሴት ይበቃል» ተባለና እንዝርት ተሰጠኝ። እንዝርቱን አልጠላሁትም፤ ግን እጄ ሲፈትል ዓይኔ ሥራ ፈቶ የተጻፈ ነገር ሁሉ ይለቅም ነበር፤ የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ሳይቀር አነብ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብታ ደብተሯን በደረቷ አቅፋ በደጃችን ስታልፍ፣ አንድ ቀን ደፍሬ እኔንም እንዲያስገቡኝ የኔታን ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ትምህርት ቤት በጾም የገባ ሰው፣ ጾም ፈትቶ ነው የሚወጣው» አሉኝ።

ክፋት አልነበረባቸውም። ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ከከተማው ጸሐፊዎች መካከል ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የሚበሉ እንደ ነበሩ ሁሉም ያውቃል። እኔ ግን ሁለተኛ ለመጠየቅ ድፍረት ሳጠራቅም ጊዜው ሄደ። ለባል ደረስኩ፣ ለትምህርት አለፈብኝ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም አያ ዘለቀ የጭነት ማኪና ነጂ ነበር። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ወዲህ ከጎንደር ኑግ ጭኖ ምጽዋ ይወርዳል፤ ጨውና ሸቀጥ ይዞ ይመለሳል። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ቤታችን መጣና የኔታን ጠመዳቸው።

«የኔታ፣ ዕድሜ ልክዎን ባሕር ተከፈለ ባሕር ተከደነ እያሉ ሲዘምሩ፣ ባሕር አይተው ያውቃሉ?»

«ጣናን አይቻለሁ።»

«ጣናማ ኩሬ ነው።»

«በቀሐ ዳር ያደገ ሰው ጣናን ኩሬ ለማለት አፉ እንዴት ይታዘዝለታል?»

«ምጽዋን ሲያዩ አፍዎ ይታዘዛል» አለ አያ ዘለቀ እየሳቀ። «ቤተሰቡን በሙሉ ልውሰድ። ኪራይ የለ፣ ምን የለ። ማኪናው የራሳችን።»

የኔታ ለማስመሰል ጥቂት ቀን አሰቡበት። ከዚያ ተማሪዎቹን ለሌላ መምህር አደራ ሰጥተው፣ ለመንገዱ ጥቁር ጫማ ገዙ። ጫማ የለመዱ ሰው አልነበሩም፤ ሲራመዱ እንደ ተበደረ በቅሎ በጥንቃቄ ነበር የሚያስኬዱት። እናቴም ለእኔ አዲስ ቀሚስ አሰፋች። ያን ጊዜ ልነቃ ይገባኝ ነበር፤ አልነቃሁም።

የኔታ ጋቢና ከአያ ዘለቀ ጎን፣ እኔና እናቴ ከኋላ በኑግ ጆንያ ላይ ሆነን ተነሣን። ሊማሊሞን ስንወርድ ማኪናው በየጠመዝማዛው ገደል ላይ ሲንጠለጠል፣ እናቴ የምታውቀውን ቅዱስ ሁሉ በስሙ ጠራች። አያ ዘለቀ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «እታለም፣ አንዱን ብቻ ጥሪ፤ ሁሉም ከመጡ ጭነት ይበዛብኛል» አላት። ተቆጣች፤ ድምፅዋን ግን ቀነሰች።

አስመራ ገብተን አደርን። በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ሹሩባ የምትሠራ ሴት አስጠርታ ጠጉሬን አሠራችኝ።

«እማዬ፣ ባሕር ለማየት ሹሩባ ምን ያደርጋል?»

«ነፋስ አለው ይላሉ» አለች ዓይኗን እያሸሸች።

ቀጥላ የራሷን የብር ድሪ ከአንገቷ አውልቃ ስታጠልቅልኝ ግን ገባኝ። ድሪ ከነፋስ አያስጥልም።

«ማን ነው?» አልኳት።

እናቴ መዋሸት አይሆንላትም። «ሙሉጌታ ይባላል። አዘዞ ነው የተወለደው። አክስቱ በልጅነቱ አስመራ አምጥታ አስተማረችው፤ አሁን ምጽዋ ወደብ ጸሐፊ ነው። ዘሩንም የኔታ ቆጥረውታል፣ አይነካካንም። ሸጋ ልጅ ነው ይላል ዘለቀ።»

«ትምህርቴስ?»

«የትኛው ትምህርት?» አለችኝ። አላፌዘችብኝም፤ እውነትም ትምህርት የሚባል አልነበረኝም።

«የኔታስ ምን አሉ?»

«አይቼው እወስናለሁ ነው ያሉት። ነገ ምሳ እሱ ቤት ነን። ልጁ ደስ ካላቸው ከምሳ በኋላ ቃል ይታሰራል። አንቺ ዓይንሽን ወደ መሬት፣ አፍሽን ዝም። እጅ ታስታጥቢያለሽ፣ ትወጫለሽ፣ በቃ።»

«ባሕሩስ?»

«ባሕሩንም ታያለሽ፤ ማን ከለከለሽ።»

ከአስመራ ወደ ምጽዋ ያለውን ቁልቁለት ሰው ሁሉ ያደንቀዋል። እኔ አላየሁትም። በየመታጠፊያው ጋቢ ስናወልቅ፣ ከዚያም ነጠላ ስናወልቅ፣ ሙቀቱ ከታች እንደ ምድጃ ሲቀበለን ትዝ ይለኛል፤ ልቤ ግን አንዲት ነገር ብቻ ነበር የሚቆጥረው፤ ነገ ምሳ።

ምጽዋ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። በማግሥቱ ገና ፀሐይ ብቅ ስትል አያ ዘለቀ ሁላችንንም ወደ ዳርቻው ወሰደን።

ባሕሩን እንዴት ልንገራችሁ? እንደ ጠዋት ጭጋግ ነበር። ከደባርቅ በላይ ቆሞ ወደ ቆላው ሲመለከቱ ጭጋጉ ተራራውን ሁሉ ውጦ ሜዳ ይመስላል፤ ያ ሜዳ ሰማያዊ ሆኖ ቢንቀሳቀስ ማለት ነው። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የኔታ ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱና፣ «ዘለቀ» አሉ፣ «ጣና ኩሬ ነው።»

ከዚያ አዲሱን ጫማቸውን አወለቁ። እንዲህ ያለ የእግዚአብሔር ሥራ ፊት በጫማ መቆም አልሆነላቸውም። ጫማውን ከውሃው ራቅ ባለች ድንጋይ ላይ አስተካክለው አኖሩ፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው ጸሎት ጀመሩ። ጥምቀት ዕለት ቀሐ ዳር እንደሚያደርጉት ነው፤ አጭር አልነበረም።

ወንዝ ዝናብ ሲጥል ይሞላል፤ ዝናብ ከሌለ ባለበት ነው። እኛ የምናውቀው ውሃ ይኸው ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውሃ ቀስ እያለ ወደ ሰው ይመጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል? አንድ ጊዜ ቀና ብል ድንጋይዋ በውሃ ተከብባለች። ሁለተኛ ስመለከት ግራው ጫማ ተነሥቶ እንደ ታንኳ ዞር ዞር ይላል። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። የኔታም አይተዋል፤ በዓይናቸው ጠርዝ እየተከተሉት ነበር። ጸሎት ግን አይቋረጥም። እሳቸው አላቋረጡም፤ እኛም ልናቋርጣቸው አልደፈርንም። ቀሚሴን ሰብስቤ ገብቼ ቀኙን ያዝኩት። ግራው ሄደ። የኔታ ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ሸኙት።

«አሜን» ሲሉ አንድ ሰው ከኋላችን ሳቁን ለማፈን ያስል ነበር። ሙሉጌታ ነበር። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ወገቡን ሰበር አድርጎ የኔታን እጅ ነሣ። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ስለ ነበር፣ በዚያን ሰዓት በደንብ ያየሁት ጫማውን ነው፤ ሁለቱም ነበሩ።

«ይቅርታ የኔታ» አለ። «ባሕሩ በዚህ ሰዓት እንደሚሞላ ሳልነግርዎት ዘገየሁ።»

«ይሞላል? ዝናብ የት ጣለና?»

«ዝናብ አይደለም። ጨረቃ ናት የምትስበው።»

የኔታ አንዱን ጫማ በእጃቸው እንዳንጠለጠሉ ወደ እሱ ዞሩ። «ምን አልክ?»

«ጨረቃ ውሃውን ወደ ራሷ ትስበዋለች። ሙሉ ስትሆንና ስትጠፋ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ በመካከሉ ያንሳል። በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል።»

የኔታ የጣታቸውን አንጓ ነካ ነካ አደረጉ። «ዛሬ ሙሉ ናት» አሉ ለራሳቸው።

«ለዚያ ነው ጫማዎ ሩቅ የሄደ።»

«ዕድሜዬን በሙሉ ቆጠርኳት» አሉ የኔታ፤ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። «ሌሊቷን፣ ሙላቷን፣ ጉድለቷን። ባሕር ታነሣለች ብሎ የነገረኝ የለም።» ድንገትም፣ «ቆይ ግን» አሉ። «ጨረቃ በቀን አንድ ጊዜ ናት የምትዞረን። ባሕሩ ስለ ምን ሁለት ጊዜ ይወጣል?»

ሙሉጌታ ጭንቅላቱን አከከ። «እሱን አላስተማሩንም፣ የኔታ።»

በዚያች መልስ ጭራሽ ወደዱት። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ጸሐፊ አጋጥሟቸው አያውቅም። አንድ ጫማቸውን ለአያ ዘለቀ አስይዘው፣ በባዶ እግራቸው ከሙሉጌታ ጋር ጎን ለጎን በዳርቻው ሄዱ፤ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ሲመልስ። እናቴ እጄን ጨበጠችኝ፣ «አለቀ» ማለቷ ነው። ጫማው ሲሄድ ያልደነገጥኩት ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ከድንጋጤዬ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እኔም ማወቅ ፈልጌአለሁ። ስለ ምን ሁለት ጊዜ?

የሙሉጌታ ቤት ፎቅ ላይ ነው። የእንጨት ወንፊት የመሰለ ሰገነት ወደ ወደቡ ያያል። አክስቱ እትዬ ዘነበች ለዚህ ጉዳይ ብላ ከአስመራ ወርዳ ነበር፤ ሙሉ ሰውነት ያላት፣ ዓይኗ እንደ ሚዛን የሚመዝን ሴት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ሹሩባዬን፣ ድሪዬን፣ ተረከዜን።

የኔታ ሲቀመጡ ሙሉጌታ ዝቅ ብሎ፣ «ሥጋ ቢቀርብ ማን እንዳረደው ያስጨንቅዎታል ብዬ፣ ምሳውን ከባሕር አድርጌዋለሁ» አላቸው። ይኼ ትልቅ ማስተዋል ነበር። በዚያ ከተማ ሥጋ ሻጮቹ ብዙዎቹ እስላሞች ናቸው፤ እኛ እነሱ ያረዱትን አንበላም፣ እነሱም እኛ ያረድነውን አይበሉም። ከደረስን ጀምሮ የበላነው ከጎንደር ይዘነው የወረድነውን በሶ ነበር። የኔታ ወደ አያ ዘለቀ ዞረው በዓይናቸው «ሸጋ» አሉት።

እትዬ ዘነበች፣ «ልጂቱ ጓዳ ትግባና የእጅ ውሃ ታምጣ» አለች።

ጓዳ ውስጥ ወጥ የምትሠራው ፋጡማ የምትባል የከተማው ሴት ነበረች። አማርኛ አታውቅም፤ እኔ የእሷን ቋንቋ አላውቅም፤ ፈገግታዋ ግን ይገባ ነበር። ሩዝ በትልቅ ሳሕን ላይ ቆሎ መስሎ ተዘርግቷል፤ ቀይ ወጡም ይሸታል፤ ርቦኝ ስለ ነበር ምራቄን ዋጥኩ። ሰዎቹን አስታጥቤ ተመልሼ ማንቆርቆሪያውን ላስቀምጥ ጎንበስ ስል እግሬ ባልዲ ነካ።

በባልዲው ውስጥ ራስ ሞልቷል። የዓሣ ራስ አልነበረም። እንደ አንበጣ ዓይናቸው ወደ ውጭ የወጣ፣ ጢማቸው ከስንዝር የሚረዝም፣ ሽፋናቸው እንደ ጥፍር ያለ፤ ከሥራቸው እግር፣ እግር፣ እግር። በጣቴ ወደ ባልዲው፣ ከዚያ ወደ ወጡ አመለከትኩ። ፋጡማ ራሷን በኩራት ነቀነቀች።

«ጋምበሪ!» አለችኝ።

ውሃ ውስጥ ከሚኖር ፍጥረት ክንፍና ቅርፊት ያለው ብቻ እንደሚበላ ለማወቅ መሪጌታ መሆን አያስፈልግም፤ እኛ ቤት ጓዳ ማደግ ይበቃል። አባቴ በዕድሜያቸው የተከለከለ ነገር በአፋቸው አልዞረም። ሙሉጌታ በአንዱ ሕግ ሲጠነቀቅ በሌላው ሕግ ላይ ወድቋል፤ አላወቀም።

ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቆምኩ። ብናገር፣ ትዳሩን ስላልፈለገች ምክንያት ፈጠረች እባላለሁ፤ ደግሞም አልፈልገውም፤ ያ ነው ያስቸገረኝ። እውነት ስናገር የምጠቀም ከሆነ እውነቴን ማን ያምነኛል? ዝም ብል፣ የኔታ ይበሉና ከምሳው በኋላ ቃሉ ይታሰራል። ከውስጥ የጸሎተ ማዕድ ድምፃቸው ይሰማኛል። ጸሎቱ ሲያልቅ እጃቸው ወደ ሳሕኑ ይሄዳል። ሳሕኑን ፋጡማ ቀድማኝ ይዛው ገባች።

ተከትያት ስገባ የኔታ አማትበው ጨርሰዋል። አያ ዘለቀ አንድ ጉርሻ ቀድሟል። የኔታ ሩዙን በጣታቸው ሰብስበው ከወጡ ጋር አነሡ።

«የኔታ፣ አይብሉ» አልኩ።

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። የኔታ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«ምነው?» አሉ።

«ዓሣ አይደለም።»

ሙሉጌታ በየዋህነት ሳቀ። «ዓሣ ነው እንጂ። ከባሕር ነው የወጣው። ከሁሉ ውዱ ነው፣ ለናንተ ብዬ ነው ያስመጣሁት።»

«እግር አለው» አልኩ፣ አሁንም ወደ መሬት እያየሁ። «ብዙ እግር። ቅርፊት የለው፣ ክንፍ የለው።»

«ጉድ ነው» አለች እትዬ ዘነበች።

«አትጠገብ!» አለ አያ ዘለቀ፣ ስሜ አትጠገብ ነው። «የአገሩ ሰው ሁሉ ይበላዋል። እኔ ራሴ ምጽዋ በወረድኩ ቁጥር…» እዚህ ላይ የሚናገረውን ሰማው፤ ቀስ ብሎ ወደ የኔታ አየና አፉን በመዳፉ ሸፈነ።

የኔታ ጉርሻውን ወደ ሳሕኑ መለሱ። አልተቆጡም። ተነሡና በባዶ እግራቸው ወደ ጓዳ ገቡ። በበሩ ውስጥ ይታዩኝ ነበር፤ ባልዲው አጠገብ ተቀምጠው፣ አንዱን ራስ በጢሙ አንሥተው ወደ ብርሃን አዞሩት፤ ገለበጡት፤ እግሩን በእንጨት ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ፋጡማ እንደ እብድ ታያቸዋለች። ነገሩን ለማጣራት ይህን ያህል መቆየት አያስፈልግም ነበር። ቆዩ።

ተመልሰው እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ አስታጠብኳቸው።

«ልጄ እውነቷን ነው» አሉ። «ሙሉጌታ፣ አትፈር። ስለ እኔ ተጨንቀህ ነው ያደረግኸው፤ አውቃለሁ። ሕጉን ተምረኸው ነበር?»

«በልጅነቴ ተምሬዋለሁ፣ የኔታ» አለ፤ ፊቱ ቀልቷል። «እዚህ ስኖር ተረሳኝ። ይማሩኝ።»

«እግዚአብሔር ይማርህ። ዘለቀንም አብሮ ይማረው፣ የእሱ ይበዛል።»

ነገሩ በሳቅ ሊያልቅ ነበር። ያላሳለፈችው እትዬ ዘነበች ናት።

«ምግቡ ይቅር» አለች። «ሰው ነው፣ ይሳሳታል። ግን የኔታ፣ ለኛ የተነገረን ዝምተኛ ናት ተብሎ ነው። ልትታይ የመጣች ልጅ በወንዶች መካከል፣ ያውም በሰው ማዕድ ላይ፣ አባቷን አይብሉ ትላለች? ገና ቃል ሳይታሰር እንዲህ ከሆነች፣ ሲታሰርማ ቤቱ የማን ሊሆን ነው?»

አያ ዘለቀ ለማስታረቅ ጉሮሮውን ሲጠርግ የኔታ ቀደሙት።

«እትዬ ዘነበች» አሉ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጄ አፏን የከፈተችው የኔን አፍ ልትዘጋ ነው። ዝም ብትል ኖሮ እርስዎ ዝምተኛ ምራት ያገኙ ነበር፤ እኔ ግን ልጅ አልነበረኝም ማለት ነው።»

እትዬ ዘነበች መለሰችላቸው፤ «እንግዲያው ነገሩ ይደር።» በአገራችን የጋብቻ ነገር «ይደር» ከተባለ፣ አድሮ አይነሣም። በሶአችንን በላን፣ አመስግነን ወጣን። ሙሉጌታ እስከ ደጅ ሸኘን፤ ያን ጊዜ ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። ደግ ፊት ነበር።

ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር። አላመለጥኩም።

አመሻሹ ላይ የኔታ ወደ ዳርቻው ይዘውኝ ሄዱ፣ ብቻችንን። ውሃው ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ጠዋት የተዋጠችው ድንጋይ በደረቅ አሸዋ ላይ ቆማለች። እሷ ላይ ተቀመጡ።

«ጠዋት ጫማዬ ሲሄድ ዝም አልሽ» አሉ።

«ጫማ ይተካል፣ የኔታ።»

ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «አየሽ አይደል? ይህን ያህል ሸጋ ልጅ፣ ይህን ያህል አስተዋይ። ትምህርት ቤት ገባ፣ ሕጉን ረሳ። አንቺ ትምህርት ቤት አልገባሽም፣ ሕጉን አልረሳሽም። ያን ጊዜ ስትጠይቂኝ የነገርኩሽ ይኸው አይደለም?»

አሁን አስቡት። ከባል ያዳነችኝ ቃሌ ትምህርት ቤቱን ልትዘጋብኝ ነው። በአንዱ በር ወጥቼ ሌላው ተቆለፈብኝ። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ዋጋ እንደሌለው ገባኝ፤ ዝምተኛነቴ እንደሆነ በምሳ ሰዓት ተሽጦ አልቋል።

«የኔታ» አልኩ፣ «ያንን ራስ በጢሙ ይዘው ለምን ያን ያህል ጊዜ አዩት?»

ዞር ብለው አዩኝ። እንደ ተያዘ ልጅ ሆኑ።

«እግሩን ስቆጥር ነው» አሉ ቆይተው። «ፈጣሪ ለዚያች ለምታህል ነገር ያን ሁሉ እግር… ምን ትሠራበታለች ብዬ።»

«አይበላም እንጂ አይታወቅም አልተባለም፣ አይደል?»

በዚያን ጊዜ ጨረቃ ከባሕሩ ጫፍ ወጣች፤ ትልቅ፣ ቀይ፣ ሙሉ። ሁለታችንም አየናት። የኔታ እንደ ጥንት ወዳጅ ሳይሆን፣ የደበቀችው ነገር እንደ ተገኘባት ወዳጅ ነበር የሚያዩዋት።

«ሙሉጌታ ጨረቃዋን ያውቃል፣ ሕጉን ረሳ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ሕጉን አውቃለሁ፣ የጨረቃዋን ሳልሰማ ሸመገልኩ። ሁለቱን ባንድ ልብ የያዘ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።»

«እኔ ልሞክር» አልኩ።

ከኋላችን የእግር ድምፅ መጣ፤ ሙሉጌታ ነበር። በእጁ የኔታን ግራ ጫማ ይዟል፤ አሸዋ ሞልቶታል።

«ባሕሩ ሲወርድ ጀልባዎቹ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት» አለ።

የኔታ ጫማውን ተቀብለው አሸዋውን አራገፉ፤ ከውስጡ አንዲት ትንሽ ሸርጣን ዱብ አለች። ወደ ውሃው እስክትደርስ በዓይናቸው ሸኟት። «የማይበላ ይበዛል በዚህ አገር» አሉ። ከዚያ ጫማቸውን አጥልቀው ተነሡና፣ «ልጄ፣ የዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት በር በስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?» አሉኝ።

ሙሉጌታ ሳቀ። እኔ ጠዋት ሳይሆን ያን ጊዜ ነው ባሕሩን በእውነት ያየሁት።

በአሥራ ሰባት ዓመቴ ከትንንሽ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ከጠረጴዛው በላይ ይወጣ ነበር፤ ልጆቹ «እማማ» ይሉኝ ነበር። ማታ ማታ የኔታ፣ «ዛሬስ ስለ ጨረቃ ምን አሏችሁ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም «ዛሬ መስመር ማስመር ተማርን» እላለሁ። አዝነው ይተኛሉ። ጥቁሩ ጫማቸው ላይ ባሕሩ የተወው ነጭ የጨው መስመር ነበር፤ ቀለም ቢቀቡትም ተመልሶ ይወጣል። ደብር የሚሄዱት በእሱ ነበር፤ ሰው ሲጠይቃቸው «እዚህ ድረስ ሞልቶ ነበር» ይላሉ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ በተለይ ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ከዚህ ምን ውሰዱ እንደምላችሁ እርግጠኛ አይደለሁም። ያን ቀን የዳንኩት ደፋር ስለ ነበርኩ አይደለም፤ እስከ ዛሬም ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል፤ መምህርነቴንም የቻልኩት ለልጆች ስለ ሆነ ነው። ግን አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። አባቴን ያሸነፋቸው የእኔ ክርክር አልነበረም፤ የራሳቸው ጥያቄ ነበር። ሰው የማያውቀውን ነገር ካፈቀረ፣ በሩን ለልጁ ለረዥም ጊዜ ዘግቶ መኖር አይችልም።

ብዙ ዓመት አለፈ። መምህርት ሆኜ፣ የኔታ አርጅተው ዓይናቸው ከደከመ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ከመጻሕፍት ለቅሜ የደረስኩበትን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «የኔታ፣ ስለ ምን ሁለት ጊዜ እንደሚወጣ አገኘሁት» አልኳቸው። የምን ነገር እንደ ሆነ አልጠየቁኝም። ቀና አሉ።

«ጨረቃ ውሃውን ብቻ አይደለም የምትስበው፤ ምድርንም ትስባለች። ለእሷ የሚቀርበውን ውሃ ከሁሉ አብልጣ ትስበዋለች፤ ያ አንዱ ሙላት ነው። በወዲያኛው በኩል ያለው ደግሞ…»

እጃቸውን አንሥተው አቆሙኝ።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ ነው።»

«ጾመሻል?»

«ጾሜአለሁ፣ የኔታ።»

እጃቸውን አወረዱ። «እንግዲያው ቀጥዪ።»